ከአርባ እርምጃ

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በብረት በያጆችና በሶፋ ሠሪዎች መሀል የአቶ ሐዱሽ የታፔላ ቤት ነበረች። ቤት ማለት ከበዛላት ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ እጁን መዘርጋት አይችልባትም። ነገር ግን የሰፈሩ ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ክሊኒክና ግሮሰሪ ስሙን ግንባሩ ላይ ለጥፎ የቆመው ከዚያች ጠባብ ቤት በወጣ ቀለም ነው። ኮምፒውተር መጥቶ ባለ ብሩሹን ሁሉ ከገበያ ሲያስወጣ እንኳ “የሐዱሽ እጅ ይሁንልኝ” የሚል ደንበኛ አልጠፋም። የእሳቸው ፊደል ሆዱ አይጨፈለቅም፣ እግሩ አይንሻፈፍም። ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ የሚያልፍ ሰው አንገቱን ሳያጣምም ያነበዋል።

አንድ ደንብ ነበራቸው። በወረቀት ተጽፎ ያልመጣ ሥራ አይነኩም። ደንበኛው “ኧረ ጋሽ ሐዱሽ፣ ሁለት ቃል ናት፣ ልንገርዎት” ቢል “በአፍ የተነገረ ነገ ይካዳል፤ ጽፈህ አምጣ” ይሉታል። ወረቀቱ ሲመጣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ተቀብለው፣ ጮክ ብለው አንብበው፣ “ልክ ነው?” ብለው አረጋግጠው ለባላቸው ያቀብላሉ። ሰፈሩ ይህን ያየው እንደ ጥንቃቄ ነው። “ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው” ይባልላቸው ነበር።

ደንቡ አንድ ጊዜ ብቻ ጉድ ሠርቷቸዋል። ወይዘሮ አሰገደች ለለቅሶ መቐለ በሄዱበት ሳምንት አንድ ዳቦ ጋጋሪ “ትኩስ ዳቦ ሁልጊዜ አለ” የሚል ወረቀት አምጥቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ለራሳቸው ለአቶ ሐዱሽ “እስከ ሐሙስ ይድረስልኝ” ብሎ ጽፎ ሄደ። ሐሙስ ቀን ሲመጣ ታፔላው ደርሶ ጠበቀው። በቀይ ቀለም፣ ባማረ ፊደል፣ “ትኩስ ዳቦ ሁልጊዜ አለ እስከ ሐሙስ ይድረስልኝ” ይላል። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንዲጠፋም አልፈቀደም። የሰፈር ቀልደኛ ሁሉ ረቡዕ ረቡዕ “ሐሙስ ሳይደርስ ዳቦ እንግዛ” እያለ ሱቁን አደመቀለት። ሐዱሽ ተጫዋች ሰው ነው ተባለ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ያኔ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ዮሃና ከሁሉም በላይ የሳቀች ናት።

ዮሃና ያደገችው በቀለም ሽታ ነው። በስድስት ዓመቷ አባቷ የፊደሉን ጠርዝ ያሰምራሉ፣ እሷ ውስጡን ትሞላለች። ፊደሉን በስሙ ያስጠኗት እናቷ ናቸው። የቤት ሥራ ይዛ አባቷ ጋ ስትሄድ “እናትሽን ጠይቂ፤ እጄ ቀለም ነው” ይሏታል። እጃቸው ደግሞ ሁልጊዜም ቀለም ነበር፤ ማን ይጠረጥራል?

አድጋ ዲዛይን ተማረች፤ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥራ ስድስት ዓመት የሳሙናና የቢራ ፖስተር ሠራች። ከዚያ ሰለቻትና ለቀቀች። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሥር አንድ ክፍል ተከራይታ ለአቅጣጫ ጠቋሚ ታፔላ የሚሆን የአማርኛ ፊደል መቅረጽ ጀመረች። ለጓደኞቿ ሥራዋን ማስረዳት አበሳ ነበር። “ፊደሉ አለ አይደል እንዴ፣ ምኑን ነው የምትሠሪው?” ይሏታል። እሷ ደግሞ ‘በ’ እና ‘ቡ’ን ከሩቅ የምትለያቸው አንዲት ጭረት እንደሆነች፣ ያቺ ጭረት ካጠረች የታመመ ሰው የሌላ ክፍል በር ሲያንኳኳ እንደሚውል ታስረዳለች። ሰሚ ግን የላትም።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ይህ ከተማ ታፔላ አለማንበቡ ነው። በአዲስ አበባ አቅጣጫ ማለት “ቀለበቱን ተሻገር፣ ቢጫው ሕንፃ ጋ ስትደርስ ጠይቅ” ማለት ነው። መጠየቁ ራሱ የመንገዱ አካል ነው። ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ካርታ ነው፤ የማያውቀውም ቢሆን አላውቅም ከማለት ጠቁሞ ማሳሳት ይመርጣል። ዮሃና ሕልሟ አንድ ነበር። ሰው ማንንም ሳይለማመጥ፣ ቀና ብሎ አይቶ ብቻ፣ የሚሄድበትን የሚያገኝበት ቦታ መሥራት።

ገርጂ አካባቢ አንድ አዲስ ሆስፒታል የውስጥ ታፔላዎቹን በሙሉ ሲሰጣት ለዚህ ነበር በደስታ ያለቀሰችው። ሁለት ዓመት ለፋችበት። የፊደሎቹን ሆድ ከፈተች፣ እግራቸውን አስረዘመች፣ ጭረቶቹን አወፈረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሌ ሚካኤል እየሄደች ሁለት ወረቀት ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች፣ አባቷን አርባ እርምጃ ታርቃቸዋለች። አቶ ሐዱሽ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ያያሉ። “የግራው ይሻላል። የቀኙ አራተኛዋ ፊደል ወገቧ ታፍኗል፤ አስተነፍሻት።” አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። አብረዋት የሚሠሩት ወጣቶች ሐሳብ ሊሰጡ ሲሞክሩ “አቦይ አይተውታል፣ አለቀ” ትላለች። ለሆስፒታሉ በምታቀርበው ሪፖርቷም ላይ “ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ በሆኑ አንባቢ ተፈትኗል” ብላ ጻፈች።

ታፔላዎቹ የተሰቀሉ ቀን አቶ ሐዱሽ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረው፣ የጥበቃ ሠራተኛውን ጃለታን ትከሻውን ይዘው “ይሄ ሁሉ የልጄ ሥራ ነው፤ እኔም ታፔላ ጻፊ ነኝ” አሉት። ጃለታ የዚያው አካባቢ ሰው ነው፤ ሆስፒታሉ የቆመበትን መሬት አባቱ ጤፍ ሲያርሱበት ያውቀዋል። ሰው አቅጣጫ ሲጠይቀው እጁን ይዞ በር ድረስ የሚያደርስ ነው። ዮሃናን ያሳሰባትም ይኸው ነበር።

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ቴድሮስ አንድ ጥያቄ አቀረበች። ለአንድ ሳምንት፣ ለሙከራ፣ ማንም ሠራተኛ ለእንግዳ አቅጣጫ እንዳይናገር። “ታፔላውን ይመልከቱ” ብቻ ይበል። “ሰው እጁን እየያዘ የሚመራው ካለ ፊደሉ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?” አለች። አቶ ቴድሮስ ተስማማ፤ ትእዛዙ በጽሑፍ ወጣ።

ትእዛዙ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ዮሃና ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ ፊደሎቿ ለባለሙያዎች ታስረዳለች። ስልኳ ሦስት ጊዜ ጠራ። በአራተኛው አነሣችው። ነርስ ናት። “የወይዘሮ አሰገደች ልጅ ነሽ? እናትሽ እኛ ጋ ድንገተኛ ክፍል ናቸው። ደም አስታውከዋል። ደም ልንሰጣቸው ነበር፤ ናሙናውን አባትሽ ወደ ላቦራቶሪ እንዲያደርሱ ከሰጠናቸው ቆየን። አልተመለሱም፤ ስልክም አያነሡም። ሌላ ናሙና ልንወስድ ስንል ደግሞ የደም ሥራቸው ጠፋብን።”

ራይድ ጠርታ ወጣች። መንገዱ ተዘጋግቷል። ሾፌሩ ለማጽናናት ያህል አንዳንድ ነገር ያወራል፣ እሷ አንዱንም አትሰማም። አባቷ የት ገቡ? መኪና ገጫቸው? እሳቸውም ወደቁ? አእምሮዋ ያላሰበው ክፉ ነገር አልነበረም፤ እውነተኛውን ብቻ አላሰበችውም።

ሆስፒታሉ ስትደርስ ሮጣ ገባች። ከድንገተኛ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ ሁለት ማዞሪያ ነው። ሁለተኛው ማዞሪያ ላይ፣ በትልቁ ታፔላ ሥር፣ አባቷ ቆመዋል። አልወደቁም፣ አልታመሙም። ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ አንገታቸውን አቅንተው ታፔላውን ያያሉ። በአንድ እጃቸው ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የሞነጫጨረውን ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘዋል፤ ወረቀቱን ያያሉ፣ ታፔላውን ያያሉ፣ መልሰው ወረቀቱን ያያሉ። ሌላው እጃቸው ተጨብጧል። ፊታቸው በላብ ርሷል።

“አቦይ!”

ዞር አሉ። የተጨበጠውን እጃቸውን ዘረጉላት፤ ደሙ ያለበት ብልቃጥ ከመዳፋቸው ሞቆ ወጣ። “ልጄ፣ ይቺን አድርሽልኝ” ብቻ አሉ። ዮሃና ነጥቃ ሮጠች። ላቦራቶሪው ከቆሙበት ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። አባቷ ብልቃጡን ይዘው ከወጡ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል።

ደሙ ተገኘ፤ ወይዘሮ አሰገደች ተረፉ። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ “ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አሁን የምናወራው ሌላ ነበር” አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞት ነው የተናገረው።

ፊደሌ እናቴን ሊገድላት ነበር፣ አለች በልቧ። ሌላ ምን ትበል? የሁለት ዓመት ልፋቷ፣ ያስተነፈሰቻቸው ወገቦች፣ ያወፈረቻቸው ጭረቶች፣ ቁርጥ ቀን ሲመጣ ለገዛ አባቷ አልታዩም። ወደዚያ ታፔላ ተመልሳ አርባ እርምጃ ቆጠረች። ቀና ብላ አየች። ላቦራቶሪ፣ ኤክስሬይ፣ መድኃኒት ቤት፣ ካርድ ክፍል። ሃምሳ ቆጠረች፤ ይነበባል። ስድሳ ላይ ግድግዳው አለቀ፤ አሁንም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ባይነበብ በወደደች፤ ቢያንስ አባቷ የቆሙበት ምክንያት በተገኘ። እዚያው ቆማ “ምነው ባልተነበበ” ብላ የተመኘች የፊደል ሠሪ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ጃለታ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። “እህቴ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። አባባ መጥተው ‘ደም የሚመረመርበት የት ነው?’ አሉኝ። እጄን ላነሣ ስል ትእዛዙ ትዝ አለኝ። ‘ታፔላው ላይ አለልዎት’ አልኳቸው። ቆይተው ተመለሱ። ‘ዐይኔ ደከመ፣ አንተ አንብብልኝ’ አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። ‘እርስዎማ የታፔላ ጌታ ነዎት፣ ለእኛ ያንብቡልን እንጂ’ አልኳቸው። ሳቅ ብለው ሄዱ። ሦስተኛ አልመጡም።”

“ትእዛዙ የእኔ ነው” አለችው።

አቶ ሐዱሽ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች።

“አቦይ፣ ዐይንዎ ነው? ለምን አልነገሩኝም?”

“ዐይኔ ደህና ነው።”

“ታዲያ ደንግጠው ነው?”

መዳፋቸውን እያገላበጡ አዩት። “ከላይ ያለችው መስመር ላይ፣ ሁለተኛዋ ፊደል፣” አሉ በመጨረሻ፣ “ያቺ እግሯን አርዝሚው ያልኩሽ ናት። አርዝመሻታል። አምሮባታል። ምን እንደምትል ግን አላውቅም።”

“የትኛዋ?”

“ሁሉም።”

ዮሃና ክው አለች። መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ ካልሆነ ምን ይሆናል? አባቷን አየቻቸው። አይቀልዱም። የቦሌ ሚካኤልን ግንብ ሁሉ በፊደል የሞሉ ሰው፣ እሷን ብሩሽ ያስያዟት ሰው፣ “አቦይ አይተውታል፣ አለቀ” እያለች የማለችባቸው ሰው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ በገዛ ቤቷ መሆኑን ማን አስቦ። የዳቦ ቤቱ ታፔላ ትዝ አላት። አባቷ ቀልደው አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ምኑ ለሕዝብ ምኑ ለእሳቸው እንደሆነ ሳይለዩ፣ አሳምረው ገልብጠውት ነው። ሰፈሩ ሲስቅ ለምን እንደሚስቅ እንኳ ሳያውቁ አብረው ስቀዋል። እሷም በዘጠኝ ዓመቷ ፊታቸው ላይ ስቃለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስትስቅ ኖራለች። ከአግዳሚው ተነሥታ ቆመች፤ ቆማ ደግሞ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች መልሳ ተቀመጠች።

በማግስቱ እናቷ አልጋ ላይ ቀና ሲሉ ነገሩን አነሣችባቸው። ወይዘሮ አሰገደች አልተገረሙም። “ደረሰብሽ እንዴ?” አሉ ቀስ ብለው። “በአሥራ አራት ዓመቱ ነው ከገጠር መጥቶ ታፔላ ጻፊ ቤት የተቀጠረው። ብሩሽ አጥቦ፣ አይቶ፣ ገልብጦ ለመደ። እጁ ከዐይኑ ቀደመ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው የዘመቻውን ጨርቅ የሚጽፍለት እሱ ነበር። ‘መሃይምነት ይጥፋ’ እያለ ሲጽፍ ማን ክፍል ግባ ይለዋል? ኋላማ እንዴት ብሎ ይናገር? ዓመት በጨመረ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ለእኔ የነገረኝ ሊያገባኝ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚያች የመቐለ ለቅሶ በቀር ከጎኑ ተለይቼ አላውቅም።”

“ለእኔስ?”

“ሌላው ሰው ቢያውቅበት ይችለው ይሆናል። አንቺ ብታውቂበት ግን አይችለውም ነበር።”

ወይዘሮ አሰገደች አጠገባቸው ባልነበሩባት በዚያች ቀን፣ አቶ ሐዱሽ የሚስታቸውን ሕይወት በመዳፋቸው ጨብጠው በልጃቸው ፊደል ሥር ቆሙ። የሚጠይቁት ሰው ነበር። ዝም እንዲል ያዘዘችው ልጃቸው ናት። ዮሃና ይህን ሐሳብ ለቀናት ልታባርረው ሞከረች፤ እንጀራ ስትቆርስም፣ ፊቷን ስትታጠብም አብሯት ነው። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ቶሎ አይለቅም።

ሰኞ የግምገማ ስብሰባ ሆነ። እናቷም የሚወጡት በዚያው ቀን ነው፤ አቶ ሐዱሽ ሊወስዷቸው መጥተው ኮሪደር ላይ ይጠብቃሉ። አዳራሹ ውስጥ አቶ ቴድሮስ ደስ ብሎታል። ከሦስት መቶ ሃያ ጎብኚ ሦስት መቶ ዘጠኙ ማንንም ሳይጠይቅ ያሰበበት ደርሷል። “የቀሩት ጥቂት ናቸው” አለና ከወረቀቱ አነበበ፤ “ከእነሱም አንድ አዛውንት፣ በድንጋጤ ምክንያት፣ ምልክቱን ሳያስተውሉ ቀርተዋል።” ሙከራው ተሳክቷል፣ ትእዛዙም ቋሚ ይሁን፣ ለሌሎች ቅርንጫፎችም ሥራውን ዮሃና ትቀጥል ብሎ ብዕሩን አነሣ።

ዮሃና መናገር ነበረባት። እውነቱን ከተናገረች አባቷ አርባ ዓመት የደበቁትን ገመና በሰው ፊት ታወጣለች፤ ዝም ካለች ነገ ሌላ ሰው ሌላ ብልቃጥ ይዞ እዚያው ይቆማል። ሪፖርቷን ገለጠች፣ መልሳ ዘጋችው። እንባዋ መጣ።

“አንዱ አዛውንት እኔ ነኝ።”

በሩ ገርበብ ብሎ ኖሯል። አቶ ሐዱሽ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገብተው ቆመዋል። ዮሃና ብድግ አለች። “አቦይ፣ ይተዉት፣ እኔ…”

“ተይኝ ልጄ።” ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አሉ። “ደንግጬ አይደለም። ድንጋጤውማ ነበረ፤ ግን የደነገጠም ሰው ያነባል። እኔ ማንበብ አልችልም። ከአርባ ዓመት በላይ ታፔላ ጽፌያለሁ፣ አንዱንም አላነበብኩም። እናንተ ጋ የሚመጣው ሁሉ እንደ ልጄ የተማረ አይደለም፤ ቢያፍር ደግሞ አይነግራችሁም። እኔ ሚስቴ እየደማች እንኳ አፍሬ ዝም አልኩ።”

አቶ ቴድሮስ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። አንዲት ሐኪም አፏን በእጇ ያዘች። ዮሃና ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር፤ በእሳቸው አፍራ ሳይሆን በራሷ ትእዛዝ ነው። አባቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

“ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻላል አባባ?” አለ አቶ ቴድሮስ። “ሥዕል እንጨምርበት? ወለሉ ላይ ቀለም እናስምር?”

“ጨምሩ፣ ጥሩ ነው። ፊደሉም ጥሩ ነው፤ እሱን እኔ አውቃለሁ። ግን ከሥሩ ሰው አቁሙ። የሚጠየቅ ሰው። ያ ጃለታ የሚባለው ልጅ ይበቃል፣ አትከልክሉት ብቻ።”

ዮሃና ዕድሜዋን ሙሉ የታገለችው ይህንኑ ነበር። ሰው ሰውን የማይጠይቅበትን ቦታ ልሥራ ብላ ነው ሁለት ዓመት የቀረጸችው። ሪፖርቷን ወደ ራሷ ሳበች። “ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ በሆኑ አንባቢ ተፈትኗል” የሚለውን መስመር ሰረዘችው። ከላዩ በእጇ ጽሑፍ ሁለት መስመር ጨመረች።

አቶ ሐዱሽ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብለው አዩ። በሠላሳ አራት ዓመቷ ጠይቀዋት የማያውቁትን ጠየቋት።

“ምን ብለሽ ጻፍሽ?”

ወረቀቱን አንሥታ አነበበች። “‘ከእያንዳንዱ ታፔላ ሥር የሚጠየቅ ሰው ይኑር። ይህን ያሉት ታፔላ ጻፊው አቶ ሐዱሽ ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም፣ የጠየቁትም ሰው እንዳይመልስላቸው ያዘዝኩት እኔ ልጃቸው ነኝ።’”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

“እስቲ ድገሚልኝ” አሉ።

ደግማ አነበበችላቸው።